ከዋልካ በታች ያለው አጥንት

ሲት ሃዋ ማረፋቸውን የሰማሁት ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ተደምረን ከምንመዝነው የሚከብድ የትራክተር ጎማ እያንከባለልሁ ሳለ። የመተማው ሚኒባስ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«አንተ፣ ጎረቤትህ ሲት ሃዋ አረፉ እኮ! ከአስር ሰዓት በፊት ይቀበራሉ። ትገባለህ ወይስ ጎማህን አቅፈህ ትቀራለህ?» አለኝ።

ጎማውን ለቀቅሁት። ወዴት እንደ ሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ጎንደር ገብቷል።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ እኔ ያወራሁትን ሰው የሚያምነው ለአራት ከፍሎ ነው። ሦስቱን እጅ ይጥልና አንዱን ይይዛል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ስለ ሙቀቱና ስለ ራሴ የጻፍሁትን እንዳሻችሁ ቀንሱ። ስለ ሲት ሃዋ የጻፍሁትን ግን አትንኩብኝ፤ እሱ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርሁም። መጨመርም የምደፍር አይመስለኝም።

«ሲት» በማዶ፣ በሱዳን ሰዎች አፍ እመቤት ማለት ነው። የእኔን ሱቅና የሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነበር። ከቆርቆሮው ወዲህ እኔ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ከቆርቆሮው ወዲያ እሳቸው የሰው ፊት ይጠግናሉ። ሥራቸው ፊት ላይ የሚቀባ ማስክ ነበር። ሙሽራ፣ ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ከደጋ የወረደ ሰሊጥ አጫጅ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። አንድ ነገር ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሲት ሃዋ በልጅነታቸው በዚያ ክፉ የረሃብ ዓመት ወደ ገዳሪፍ ሲሰደዱ መንገድ ላይ ታናሽ እህታቸው ሩቂያ ጠፍታባቸዋለች፤ እስከ ዛሬም ይፈልጓታል። ሰው ያላወቀው በምን እንደሚፈልጓት ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት ለገዛ ፊቴ ነው። ሚያዝያ ላይ መተማ ውስጥ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ የእኔ ፊት ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድ ትራክተር ጥርሱን ሳያፋጭ የሚያሠራ ዘይት ያመነጫል። ሲት ሃዋ አዩኝና፣

«በባዶ ውሃ ታጠብ። ምንም አትቀባ። ተቀመጥ» አሉኝ።

«እስከ መቼ?»

«ፊትህ የራሱን ነገር እስኪናገር።»

አንድ ሰዓት ያህል አስቀመጡኝ። ከዚያ የሲጋራ መጠቅለያ የመሰለች ስስ ወረቀት ግንባሬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ፣ ጉንጬ ላይ እየለጠፉ ወደ ብርሃን አነሷት። ወረቀቷ በወዜ ርሳ ብርሃን የምታሳልፍ ሆናለች።

«ወዛም ነህ። ላንተ ዋልካ ጭቃ ነው» አሉ።

የሳቸው ወግ ይኸው ነበር፤ ሳይፈትኑ ማንንም አይነኩም። ወረቀቷ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከወዛች ድብልቅ ቆዳ ነው፤ ፊቱን እንደ እርሻ ወሰን አበጅተው ከላይ ዋልካ፣ ጉንጩ ላይ እርጎ ያደርጉለታል። ወረቀቷ ደርቃ ከወጣችና ቆዳው ከተወጠረ ደረቅ ነው፤ ለእሱ እርጎ፣ ማርና የተወቀጠ ሰሊጥ። ገና ሲነካ የሚቀላውን ቁጡ ፊት ደግሞ ማስኩን ከጆሮው ጀርባ ትንሽ ቀብተው ነገ ና ይሉታል። ዋልካውን ራሳቸው ናቸው የሚያመጡት። የመድኃኒት መርጫ ከሚታጠብበት የእርሻ ዳር በጣታቸው ጫፍም አይነኩትም። ከወንዙ ዳር ከክንድ በታች ቆፍረው፣ አድርቀው፣ ነፍተው፣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል።

አንድ የጎጃም ልጅ ፀሐይ ፊቱን ልጦት መጣና እንደ ጓደኛው ዋልካ ካልተቀባሁ ብሎ አስቸገረ። ሲት ሃዋ እሬት እየላጡ፣

«ማሽላ የወደደውን መሬት ሰሊጥ ላይወደው ይችላል። የጓደኛህን ማስክ አትዋስ» አሉት።

ዘሃራም አለች። ዘሃራ ከእኛ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ፣ ከእኔ ቀጥሎ በከተማው ትልቋ ወሬኛ ናት። አንድ ቀን ከስልክ ላይ ባየችው ቪዲዮ ሎሚና ሶዳ ፊቷን ቀብታ እንደ በርበሬ ቀልታ መጣች።

«ይህን የነገሩሽ ለድስት ነው ወይስ ለፊት?» አሏት።

«ኧረ ሲት ሃዋ፣ ቪዲዮው ላይ ሴትዮዋ አበራች እኮ!»

«ያበራው መብራቱ ነው።»

እንዲህ ስናገር ቤቱ የሳቅ ቤት ይመስላል። አልነበረም። መስኮቶቹ ላይ ለቅዝቃዜ ብለው እርጥብ ጆንያ ሰቅለዋል፤ ብርሃኑ አረንጓዴም ቡናማም ያልሆነ ነገር ነው። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ሴቶቹ ጥቁር ግራጫ ጭቃ ለብሰው ተደርድረው ይቀመጣሉ። ማውራት ክልክል ነው፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጭቃው ይሰነጠቃል። መስተዋት የለም፤ ራሱን ያየ ሰው ይስቃል። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ዓይን ብቻ ነው። ደጅ ባጃጅ ይጮሃል፣ ውስጥ አሥር ዓይን ይዞርብሃል። ሲት ሃዋ ከዳር ጀምረው አንድ በአንድ እየዞሩ የጣታቸውን ጀርባ ጉንጭ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዋልካ ጨርሶ ከመድረቁ በፊት፣ ገና ጣት ሲይዝ ነው የሚታጠበው። ከደረቀ የቆዳውን ወዝ ሁሉ ይመጠዋል። ነገር ግን እንዳየሁት ጣታቸው ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ጉንጩን ይዞ ወደ አገጭ ይወርዳል፣ ተመልሶ ወደ ዓይን ጎድጓዳ ይወጣል። ከዚያ እጃቸውን ያነሱና ወደሚቀጥለው ፊት ያልፋሉ። ለአንድ ጊዜም ፈገግ ሲሉ አላየሁም።

አንድ ቀን ቀልድ አማረኝ። ሲት ሃዋ የቀትር ሶላት ሊሰግዱ ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ነበር። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። የባለቤቴን ቶብ፣ ያንን የማዶ ሴቶች ከእግር እስከ ራስ የሚጠቀለሉበትን ስስ ልብስ፣ ሰርቄ ገባሁ። ከሳህኑ ዋልካ ዝቄ ፊቴን ለቀለቅሁና ተከናንቤ በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ መሳቅ አይችሉም፤ ሆዳቸው ብቻ እንደ ጀነሬተር ይንቀጠቀጣል። ከዘሃራ ዓይን እንባ ወርዶ ጭቃዋ ላይ ቦይ አወጣ።

ሲት ሃዋ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ደረሱብኝ። ጣታቸው ጉንጬ ላይ አረፈ። አልተነሳም። ወደ አገጬ ወረደ፣ ወደ ዓይኔ ወጣ፣ እንደገና ወረደ።

«ማሩ» አሉ በቀስታ። «አንተ ማሩ፤ ሞተሃል አሉኝ እኮ። ልጅቷን አገኘሃት?»

በዚያ ቀትር፣ በመተማ ሚያዝያ፣ በረደኝ። ማሩ አባቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የሞተው እኔ ገና ሆዴን ገልጬ ስሮጥ ነው። እኔን ሰው የሚያውቀኝ በቅጽል ስሜ ነው፤ የአባቴን ስም በዚያ ሰፈር ለማንም አንስቼ አላውቅም። ተነሥቼ ቶቡን ጣልሁ። ሴቶቹ መሳቃቸውን አቁመዋል። ሲት ሃዋ ጥቂት አዩኝና እንደ ነቃ ሰው ዓይናቸውን አሹ።

«ሂድ ታጠብ፣ ያ ከዛብ» አሉኝ። አንተ ውሸታም ማለታቸው ነው። «ከታጠብህ በኋላ ተመለስ።»

ተመለስሁ። ሴቶቹ ሄደው ነበር። ሳይቀመጡ ነገሩኝ። ያን ዓመት ከነቤተሰባቸው የጫናቸው አባቴ ነበር። ውሃ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ሰው እንደ ጎርፍ ወረደ፤ የዐሥራ ስድስት ዓመቷ ሃዋ አንዲት ጣሳ ልትቀዳ የሩቂያን እጅ ለቀቀች። ሩቂያ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቴ መኪናውን አዙሮ፣ «እኔ ፈልጌ አመጣታለሁ» ብሎ በመጣበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አላዩትም።

«አባትህ ከሄደ አርባ ዓመት ሆነው። አንተን ባዶ ፊትህን በየቀኑ አይሃለሁ፤ አንድም ቀን ማሩን አላየሁብህም። ዋልካ ሽብሽቡን ይደፍነዋል፣ ማዲያቱን ይሸፍነዋል፣ ቀይና ጥቁር አይለይም፣ ሽማግሌና ወጣት አይለይም። የሚቀረው አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ የራስ አይደለም፤ ከወለዱን የተዋስነው ነው።»

ገባኝ። ይህን ሁሉ ፊት በጭቃ የሚያለብሱት ዕድሜውን አጥፍተው የአምስት ዓመቷን ልጅ ሊያገኟት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆርቆሮው ወዲያ የውሃ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ «አይደለችም ማለት ነው» እል ጀመር።

አንድ ጊዜ ተታለው ያውቃሉ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት መጥታ «ሩቂያ ነሽ?» ሲሏት «አዎ» አለች። አራት ወር አብራቸው ኖረች። አንድ ቀን ፊቷን ዋልካ ቀቧትና ጣታቸውን አሳረፉ። አጥንቱ የሩቂያ አልነበረም። በማግሥቱ ልብስና ስንቅ አሸክመው፣ ግንባሯን ስመው ሸኟት።

ከማዶ ጦርነቱ ሲነሳ ድልድዩን የተሻገረው ሰው ብዙ ነው። ዘሃራ ከእነዚያ አንዷን ክንዷን ይዛ አስገባቻት። መርየም ትባላለች። ለቁንጅና አልነበረም የመጣችው፤ ፊቷ በፀሐይና በአሸዋ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። አርባ ዓመትም ስድሳም ትሆናለች፤ ከዚያ ፊት ላይ ዕድሜ ማንበብ አይቻልም። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። መለዋወጫ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ ሲት ሃዋ ወረቀቷን እየለጠፉላት ነበር። ወረቀቷ አልያዘችም። እንደ ደረቅ ቅጠል መሬት ወደቀች።

«ማን አሳደገሽ?» አሉ ሲት ሃዋ።

«ገዳሪፍ ያሉ ሰዎች። መንገድ ላይ አገኘናት ነው የሚሉት። መርየም ያሉኝም እነሱ ናቸው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አላውቅም፣ ያ ሲት። ውሃ ብቻ ነው የማስታውሰው። ብዙ እግርና ውሃ።»

ሲት ሃዋ እርጎውን መሬት ላይ ደፉት። ይህን ሁሉ ዓመት እርጎ ሲለውሱ ጠብታ ያላፈሰሱ ሴትዮ! እንደገና ለወሱና ከጆሮዋ ጀርባ ቀቧት፤ ነገ ነይ አሏት። ጣታቸውን ጉንጯ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ መርየምን አመማት፤ እጃቸውን መለሱ። ያ ፊት አብጦ፣ ተልጦ፣ ቆስሎ ከሥሩ ያለውን አጥንት ዘግቶታል።

ሴትዮዋ ስትወጣ ዘልዬ ገባሁ።

«ሲት ሃዋ! ዋልካ ቀብተው ይዩዋት እንጂ!»

«ደረቅና ቁጡ ፊት ነው። ዋልካ ያቃጥላታል።»

«አምስት ደቂቃ! አርባ ዓመት ፈልገው አምስት ደቂቃ ይፈራሉ?»

«እህቴ ከሆነች ፊቷን በገዛ እጄ አላቃጥልም። እህቴ ካልሆነችም የሰው ፊት ነው።»

«እንግዲያው ይጠይቋት!»

«ምን ብዬ? መጠጊያ ያጣ ሰው የጠየቁትን ሁሉ አዎ ይላል። ያችኛዋም አዎ ብላኝ ነበር።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ፤ ጣታቸው እንደ ጉጠት ነበር። «አንተም አፍህን ዝጋ። እኔ አይቼ እስክነግርህ ድረስ ለእሷም ለማንም እንዳትናገር። በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ።»

እኔ፣ ወሬ ሆዴ ውስጥ ካደረ የሚያሳክከኝ ሰው፣ ያን ወሬ ተሸክሜ ሁለት ወር ኖርሁ።

መርየም በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። እርጎ፣ ማርና ሰሊጥ፣ ስስ አድርገው፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ በእርጥብ ጨርቅ ያነሱታል፣ ሳያሹ። ከዚያ አንዲት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት። በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ፤ ሲት ሃዋ ፊቷን በቀኝ እጃቸው እየጠረጉ ግራ እጃቸውን ከጀርባቸው ደብቀው ጨብጠውታል። እንዳይነካት ነው። አንድ ቀን መርየም ሳቀች። «ያ ሲት፣ ፊቴን እንደ እንቁላል ነው የምትይዢው» አለቻቸው። ሲት ሃዋ ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ።

ክረምቱ ገባ። ቁስሉ ዳነ፣ እብጠቱ ወረደ፣ ወረቀቷ ግንባሯ ላይ መያዝ ጀመረች። ሲት ሃዋ በቆርቆሮው በኩል አንኳኩልኝ።

«ሐሙስ» አሉ። ዋልካውን ነፍተው ሳህን ውስጥ ዘፈዘፉት።

በማግሥቱ ወባው ጣላቸው። ሕክምና ወሰድናቸው፤ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃቸውም። ልጠይቃቸው ስገባ አልጋው ዙሪያ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሲት ሃዋ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ያገኙትን ፊት በጣታቸው ጀርባ ይነኩና፣ «ገና ነው» ይላሉ። የዘሃራን ነኩ፤ ገና ነው። የእኔን ነኩ፤ ገና ነው። ጭቃው መድረቁን የሚያዩ ይመስል ነበር። ማናችንም ፊት ላይ ጭቃ አልነበረም። መርየም ውሃ ልታጠጣቸው ጎንበስ አለች፤ ጣታቸው ጉንጯን አገኘው። ቆየ።

«ገና ነው» አሉና እጃቸው ወረደ።

ጠዋት ትንሽ ሻል ስላላቸው ለዚያ ለተረገመ ጎማ ገንዳ ውሃ ሄድሁ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ የሚኒባሱ ሹፌር አገኘኝ።

ስደርስ ወንዶቹ ደጅ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ውስጥ ገላቸውን እያጠቡ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ይጤሳል። ከቆርቆሮው ወዲያ የውሃ መንቆርቆር ይሰማል። ወዲያው ውሃው ቆመ። እንደ ማለቅ አልነበረም፤ በመሐል ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው እንደገና ጀመረ፣ አሁን በጣም በቀስታ።

ዘሃራ ክንዷ እስከ ክርን እንደ ራሰ ወጣችና እጀ ጠባቤን ይዛ ጎትታ ከሱቄ ጀርባ ወሰደችኝ። ከንፈሯ ነጭ ነው።

«አንተ ነገር ታጋንናለህ፤ እኔም አጋንናለሁ። አሁን ግን ወላሂ ነው የምነግርህ። ሲት ሃዋ ሽብሽባቸው ጠፍቷል። ግንባራቸው ተዘርግቶ እንደ ልጅ ግንባር ሆኗል። መርየም አገጫቸውን በጨርቅ ልታስር ጎንበስ አለች…»

«እና?»

«ሁለት ሆኑ። አንዱ ፊት ተኝቶ ሌላው ጎንበስ ብሎ ያየዋል። አምስታችንም አየን። ጣሳው እጄ ላይ ቀረ።»

«እሷስ አየች?»

«ሰው የራሱን ፊት በምን ያያል? እሷ የምታየው ሲት ሃዋን ብቻ ነው። እኛን ነው ቀና ብላ ያየችን።»

ቀበርናቸው። ሰው ሲበተን መርየም ከመቃብሩ ራቅ ብላ ጠበቀችኝ። ቶቧ ጫፉ ጭቃ ነክቷል። ፊቷ ድኗል፤ ጥርት ብሏል። እኔ ግን ፊቷን ማየት ፈርቼ እግሬን አያለሁ።

«ያ አኹይ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሴቶቹ ለምን እንዲያ አዩኝ? ስወጣ መንገድ ለቀቁልኝ። ምን አጠፋሁ?»

እኔ ለጥያቄ ሁሉ ውሸት አላጣም። ያን ቀን ግን ከያዝኋቸው ውሸቶች አንዱም አልመጣልኝ አለ። ሲት ሃዋ አይቼ እስክነግርህ ብለው በአባቴ አጥንት ይዘውኛል። አሁን ማን ሊያይ ነው? ማን ሊነግረኝ? ደግሞ ይህቺ ሴት አሁን አዎ ብትል የምታገኘው መጠጊያ የለም፤ መጠጊያው አሁን ተቀበረ። ስለዚህ ነገርኋት። ስለ ጣሳዋ ውሃ፣ ስለ ተለቀቀው እጅ፣ ስለ አባቴ መኪና፣ ስለ ዋልካው፣ ለምን እንዳልቀቧት፣ ሴቶቹም ያዩትን። አንድ ነገር አልጨመርሁም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አዎም አይደለሁምም አላለችም። እጇን አንሥታ የጣቷን ጀርባ ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ከዚያ እንደ ፈራ ሕፃን ድምፅ፣

«እኔ ታላቋ ነበርሁ ወይስ ታናሿ?» አለችኝ።

«ታናሿ» አልኋት። «አንቺ ታናሿ ነሽ። ስምሽም ሩቂያ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።